አምስት መቶ ያልሞላው ሮዳጅ

የመጀመሪያ ቀኔ ቅዳሜ ነበር። የእናቴ ወንድም አጎቴ ኤርጫፎ፣ ሆሳዕና ገበያ አጠገብ ካለው ጋራዡ በር ላይ ቆሞ እጄን ገልብጦ አየና፣ «ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው ይላሉ፤ እስቲ ጣቶችሽ ይችሉ እንደሆነ» አለኝ። ረዳቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶበት ብቻውን ቀርቶ ነበር። እናቴ እሺ አለችው፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ።

እስከ ምሳ ብሎን በነጭ ጋዝ አጠብኩ። ማታ ላይ አሥራ ሦስት ቁጥርን ከአሥራ አራት ቁጥር መፍቻ በዓይኔ ብቻ ለየሁ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ደስ ይለኛል። ጓደኞቼ በዳንቴል ይፎካከሩ ነበር፤ እኔ የምፎካከረው ሰው አጣሁ እንጂ በመፍቻ ማንንም አሸንፍ ነበር።

«ሞተር ሲታደስ ፋሻና ሲሊንደር አዲስ ሙሽሮች ናቸው፤ አይቸኮልባቸውም» ይል ነበር አጎቴ። ፋሻ ፒስተኑን የሚከበው የብረት ቀለበት ነው። ከሲሊንደሩ ጋር ተፋጭቶ እስኪላመድ ድረስ መኪናው ያለ ጭነት፣ በዝግታ ይነዳል። ሮዳጅ የሚባለው ይህ ነው። በአጎቴ ሕግ ሮዳጅ አምስት መቶ ኪሎሜትር ነው፤ ፍጥነቱ ከአርባ አያልፍም፤ ሲያልቅ ዘይቱ ይቀየራል።

ሹፌር ግን ሕግ አይወድም። ስለዚህ አጎቴ ከነዳጅ መርገጫው ሥር የባሕር ዛፍ ቁራጭ አስገብቶ በሽቦ ያስረዋል። የፈለገ እግር ቢከብድ መርገጫው ከግማሽ አይወርድም። በሽቦውም አያምን፤ እኔን ደብተር አስይዞ ከሹፌሩ ጎን ያስቀምጠኛል። በየአሥር ኪሎሜትሩ ሙቀቱን፣ ዘይቱን፣ ድምፁን እጽፋለሁ።

አንድ ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ሞተሩ ሊታደስ መጣልን። ከዚያ በፊት የመንግሥት መኪና ነክተን አናውቅም። «ይቺ በደህና ከወጣች የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሁሉ ወደኛ ነው» አለ አጎቴ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከተበላሸች ደግሞ አሻጥር ነው የሚሉት» አለኝ። በዚያን ጊዜ በአሻጥር የተከሰሰ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሕፃንም ያውቃል። ሞተሩን አሥራ አንድ ቀን ሠራው። የፋሻውን ክፍተት ሦስት ጊዜ ሲለካ እኔ ፋኖስ ያዝኩለት።

የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ጋሽ ከድር ነበሩ። ከጎናቸው ስቀመጥ፣ «ይቺ ልጅ ከመንጃ ፈቃዴ ጋር ነው እንዴ የታደለችኝ?» አሉ። ሁለት ቀን በሰላም ነዳን። በሦስተኛው ቀን ዳምቦያ ስንደርስ ሁለት መቶ አሥር ኪሎሜትር ሞልተን ነበር።

እዚያ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ከአራት ሰዎች ጋር መንገድ ዳር ቆመው አገኙን። ስድስት ሰዓት ላይ ሆሳዕና ስብሰባ አለባቸው፤ ሰብሳቢዎቹ ከአዲስ አበባ ነው የመጡት። አምስቱም ተሳፈሩ። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ዱላ የያዘ ሽማግሌ በእግሩ ቀደመን።

«ጓድ፣ ወርደው ቢሄዱ ይደርሱ ነበር» አሉ ጋሽ ከድር።

ኃላፊው አልሳቁም። መኪናውን አስቆሙና ወደኔ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ እባክሽ ያንን እንጨት አውጪልኝ። ዛሬ ከዘገየሁ እኔንም አይምሩኝም።»

ለትእዛዝ መልስ ነበረኝ። አጎቴ አስጠንቶኛል፤ «ጋራዡ ተጠያቂ አይሆንም» ማለት ነው። ለልመና ግን መልስ አላስጠናኝም። በእኛ ቤት የአባት እኩያ አንገቱን ደፍቶ ሲለምን እምቢ ማለት ስድብ ነው። ጋሽ ከድርን አየኋቸው፤ ውጭ ውጭውን ያያሉ። ጎንበስ ብዬ ሽቦውን በፒንሳ ቆረጥኩና እንጨቱን አወጣሁት።

ደብተሬን ስከፍት ኃላፊው፣ «ይቺን እንኳ አትጻፊያት፤ እኔ አለሁ አይደል?» አሉ። ደብተሩን መልሼ ዘጋሁት።

ጋሽ ከድር መርገጫውን እስከ ወለሉ ረገጡት። አንጋጫን ሳንደርስ ጠጠር በጣሳ ሲንኳኳ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። «ጋሼ፣ ይቀንሱ» አልኩ። «ትንሽ ነው የቀረን» አሉ ኃላፊው ከኋላ። ሌላው ዳገት መሐል ላይ ሞተሩ ያዘ፤ ደርቆ ቆመ። ኃላፊው የሚያልፍ አይሱዙ አስቆሙና ስብሰባቸው ደረሱ።

በሳምንቱ አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ሁለቱ ከአዲስ አበባ ናቸው። ኃላፊውም ከጠረጴዛው ዳር ነበሩ። ጋሽ ከድር፣ «እንደታዘዝኩ ነዳሁ» አሉ፤ ማን እንዳዘዛቸው ግን አልተናገሩም። ስድስት ልጆች አሏቸው። ደብተሬን ገለጡት። ሁለት መቶ አሥር ላይ ሁሉም ደህና ይላል። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው።

ልናገር ተነሣሁ። አጎቴ በሀዲይኛ፣ «ተቀመጪ፤ እናትሽ ሌላ ልጅ የላትም» አለኝ። ሰብሳቢው ምን እንዳለ ጠየቁት። «ተቀመጪ ነው ያልኳት» አለና ወደ አማርኛው ተመለሰ። «እንጨቱን አውጪ ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ። ሮዳጁን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ።»

ኃላፊው በመስኮት ያዩ ነበር። እኔ ተቀመጥኩ።

አጎቴ ሰባት ወር ታሰረ። ስንቅ ይዤለት ስሄድ ስለ ጤናው ነበር የጠየቅኩት፤ እሱ ግን ስለ ሞተሩ ዋና ዘንግ ጠየቀኝ፤ «ሲፈቱት ኮሎው ተበልቷል ወይስ ድኗል?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። አዘነ። ሲፈታ ጋራዡ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር፤ መፍቻዎቹም አልተመለሱለትም። ዛሬ የሰው ጋራዥ ውስጥ ጎማ ይለጥፋል። በዚያ እጅ ጎማ መለጠፍ ምን እንደሆነ ሞተር የሠራ ይገባዋል።

ኃላፊው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ «ደህና ነሽ የኔ ልጅ?» ይሉኛል። ደህና ነኝ እላለሁ።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሮዳጅ ላይ ሆናችሁ ሰው ቢለምናችሁ እምቢ በሉ። እምቢ ማለት ካቃታችሁ የለመነውን ሰው ስም፣ ሰዓቱንና ኪሎሜትሩን እዚያው ጻፉ። በኋላ የሚጠየቀው ሞተሩን የሠራው ሰው ነው።