ሰማይ ጠቀስ እና የቀረችው ኩላሊቱ

ከሁሉም አጭር እሱ ስለሆነ የግንባታው ሠራተኞች «ሰማይ ጠቀስ» አሉት፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ። ዕድሜውን የጨረሰው ክሬን ጫፍ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ብረትና ሲሚንቶ ሲያነሣና ሲያወርድ ነው። እዚያ ላይ ሽንት ቤት የለም። መሰላሉን መውረድና መውጣት ደግሞ ነፍስ ያስወጣል። ስለዚህ መላ ያለው ውኃ አለመጠጣት ነበር። «እኔ እኮ ግመል ነኝ» እያለ ይኩራራል። ግመልነቱ አንዷን ኩላሊቱን በድንጋይ ሞልቶ ከጥቅም ውጭ ሲያደርጋት እንኳ ልብ አልገዛም። አሁን ሌላ ድንጋይ የቀረችውን ኩላሊት ቧንቧ ዘግቷል። ካልወጣ ቀሪ ዘመኑ ከደም ማጠቢያ ማሽን ጋር መታሰር ነው።

«ሆድዎን አንቀድም ጋሼ» አለችው ዶክተሯ። «በሽንት መውጫው በኩል ቀጭን ካሜራ እናስገባና ድንጋዩን በጨረር እንሰባብረዋለን።»

ሚስቱ ፊት «ይኼ ደግሞ ምን ያስፈራል!» ብሎ ጀነን አለ። የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ሲዘጋ ግን ጀነን ማለቱ ቀረ። ያን ሁሉ ከፍታ ያልፈራ ሰው፣ ከወገብ በማያልፍ አልጋ ላይ ተጋድሞ ተንቀጠቀጠ።

ከወገቡ በታች አደነዘዙት እንጂ አላስተኙትም። ዶክተሯ ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ እያወራች ትሠራለች። «ፊኛውን አለፍን... ቧንቧው ውስጥ ነን... ድንጋዩ ይኸውላችሁ።» ድምጿ ትንሽ አረጋጋው። እሱም ቢሆን ክሬኑ ላይ ሆኖ ከፎቁ ጀርባ የሚያወርደውን ዕቃ አያየውም፤ ታች የቆመው ምልክት ሰጪ ነው በሬዲዮ «አውርድ፣ አውርድ፣ ቀስ» እያለ የሚመራው። ድምፁ ከተቋረጠ ሥራው እዚያው ይቆማል።

ድንገት ዶክተሯ ዝም አለች።

ጠበቀ። ከማሽኑ ጢጥ ጢጥታ በቀር ምንም የለም። በቃ፣ አለቀላት ኩላሊቴ፣ አለ በልቡ። እጁ የሌለ ፍሬን ፈለገ፤ አፉም አመለጠው።

«ቁም! ቁም!»

ዶክተሯ ደንግጣ እግሯን ከጨረሩ መርገጫ ላይ አነሣች። ነርሱ ዘሎ መጣ። «ምን ሆኑ ጋሼ? አመመዎት?»

«ድምፅዎ ጠፋብኝ ዶክተር! እኛ ጋ ድምፅ ከጠፋ ሥራ የለም። ከሥር ሰው ይኖራላ!»

ከጭንብሏ በላይ ዓይኗ ሳቀ። «እሺ፣ አላቋርጥም። እርስዎም "ሰማሁ" እያሉ ይመልሱልኝ።»

«ግማሹ ተሰበረ።»

«ሰማሁ።»

«ትንሽ ደም አለ፤ አያሰጋም።»

«ሰ... ሰማሁ።»

«አንድ ስባሪ ወደ ላይ አመለጠኝ፤ እየተከተልኩት ነው።»

«ሰማሁ። ቀስ፣ ቀስ!» ሚስቱ በሩ ውጭ ቁጭ ብላ በዓይነ ሕሊናው ትታየዋለች፤ ምን ብዬ ልነግራት ነው አለ በልቡ።

በመጨረሻ ዶክተሯ ቀና አለች። «የቀረ የለም። ቧንቧው ተከፍቷል፣ ሽንቱም እየወረደ ነው። ኩላሊትዎ ተርፋለች።»

መልስ የለም።

«ጋሼ? ተሰማ?»

እጇ ባለበት ቀረ፤ ነርሱም የያዘውን እንደያዘ ቆመ። ሁሉም ወደ ራስጌው ዞሩ።

እንባው በጆሮ ግንዱ እየወረደ፣ አፉን ከፍቶ ቃል አጥቶ ነበር።

«ሰማሁ» አለ በስተመጨረሻ። «ውኃ ስጡኝ።»