ላቴክን ሊጭን የተነሣው የቀየት መምህር

ይሥሐቅ ዘወትር ማለዳ ከኮምፒውተሩ ላይ የመንዝ ባናውን ይገልጥና አቧራውን በክርኑ ጠርጎ ማሽኑን ያስነሣል። የውስጥ ባትሪው ስለሞተ ቀኑን አያስታውስም። እሱም ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የደብሩ ካሌንደር እያየ ይሞላለታል፤ ሰኔን አሥረኛ ወር፣ ዓመቱን ሁለት ሺህ ስድስት አድርጎ። በፈረንጅ ቀን የሚሠሩትን «ዘመናቸውን የሸጡ» ይላቸዋል።

ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው ቀየት ከተማ ሒሳብ ሲያስተምር አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በእነዚህ ዓመታት እኩያዬ የሚለው የሥራ ባልደረባ አላገኘም። የስኩዌር ሩት ምልክት የሚገባበትን ቦታ በፈተና ወረቀት ላይ ባዶ ትተው ኋላ በእስክሪብቶ የሚሞሉትን መምህራን «ጥልፍ ጠላፊዎች» ይላቸዋል።

የክረምት ተማሪ ሆኖ የጀመረውን ሁለተኛ ዲግሪ ለመጨረስ የቀረው የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነበር። አማካሪው ሰኔ ሃያ ቀን እንዲደርሳቸው፣ በላቴክ ካልተጻፈ ግን እንደማያነቡት ነግረውታል። ላቴክ የሒሳብ ምልክቶችን እንደ ታተመ መጽሐፍ አሰላልፎ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። ይሥሐቅ ስድሳውን ገጽ በእጁ ጽፎ ከጨረሰ ቆይቷል። የቀረው የጸሐፊ ሥራ ነው ብሎ ወደ መጨረሻው ገፋው።

ሰኔ አሥር ቀን ያስገለበጠውን የላቴክ ሲዲ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተ። ፕሮግራሙ ግማሹ ተጭኖ ቀሪውን ከኢንተርኔት ላውርድ አለ። ሞደሙን ሰካ። ጥቂት ቆይቶ በእንግሊዝኛ መልእክት ወጣ፦ የድረ ገጹ የምስክር ወረቀት ገና ሥራ ላይ አልዋለም።

«ያልጸደቀ ነገር ይለጥፋሉ!» አለና ሲዲውን የገለበጠለትን የደብረ ብርሃን ነጋዴ ሰደበ። ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና ጫነው። ያው መልእክት ወጣ።

በሦስተኛው ቀን መምህራን ማረፊያ ውስጥ መልእክቱን እየደገመ ማሽኑን ሲራገም የስፖርት መምህሩ ወዳጆ ሰማው።

«ለምን ጠበል አትወስደውም? ይለፈልፍ ይሆናል።»

«አንተ ኳስህን ንፋ።»

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ትርሲት ወረቀት ልታስፈርም ገብታ ነበር። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ በሰርተፍኬት የተቀጠረች ልጅ ናት።

«መምህር፣ የእኔም ማሽን እንዲህ ብሎኝ ነበር» አለች። «ደብዳቤው ላይ ቀኑ ራሱ እንዲወጣልኝ ብዬ የእኛን ዘመን ሞላሁበት። እሱ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፤ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለዋል፤ የዘንድሮው ምስክር ወረቀት ገና ያልወጣ ይሆንበታል። ሁለት ሺህ አሥራ አራት ቢሉት እኮ…»

«ትርሲት፣ አንቺ ማኅተምሽን ምቺ።»

ክፍሉ ሳቀ። ትርሲት ወረቀቷን አስፈርማ ወጣች።

ይሥሐቅ ቤቱ ገብቶ ሲያስበው ነገሩ ይበልጥ አሳቀው። ቶፖሎጂን የመሰለ ረቂቅ ሒሳብ የሚያጠና ሰው በማኅተም መቺ ምክር ዘመን ሊለውጥ ነው? ዊንዶውሱን አራት ጊዜ አጥፍቶ ጫነ። ሞደሙን በረጅም ሽቦ ጣሪያ ላይ ሰቀለው። ነጋዴው ሌላ ሲዲ እንዲልክለት አደረገ፤ እሱም ያንኑ አለው። በየማለዳው ግን ካሌንደሩን እያየ ቀኑን መሙላቱን አልተወም።

ሰኔ አሥራ ዘጠኝ ከሰዓት በኋላ በሩን ከውስጥ ቀረቀረ፤ መስኮቱንም ዘጋ። ከዚያ ወሩን ስድስተኛ፣ ዓመቱን ሁለት ሺህ አሥራ አራት አደረገ። ፕሮግራሙ በሃያ ደቂቃ ተጭኖ አለቀ።

የመጀመሪያዋ ቀመር ከመጽሐፍ የተቀደደች መስላ ወጣች። ይሥሐቅ አንዴ ወደ እሷ፣ አንዴ ወደ ስድሳው ገጽ ተመለከተ። እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ትእዛዝ አለው፤ እሱ የሚያውቀው አምስቱን ነው። በሁለት ጣቱ እየለቀመ እስኪመሽ ሁለት ገጽ ተኩል ጻፈ። ትርሲት በአሥሩም ጣቷ ትጽፋለች። ስሟ ትዝ ሲለው ፊቱን አጨፈገገ፤ እሷን መለመን ክብሩ አልፈቀደለትም።

በማግስቱ ለአማካሪው የአገሩን ኔትወርክ የሚከስ ረጅም ኢሜይል ላከ። እሳቸው በአንድ መስመር መለሱ፦ ለሚቀጥለው ዓመት ያድርሱልኝ።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይሥሐቅ ለአምስተኛ ክረምት ተመዘገበ።