ከማማ ላይ የቆጠርኳቸው አሞሮች

አልቆጠርክም ነው የምትሉኝ? ታዲያ ማን ቆጠራቸው፣ አክስታችሁ? «አሞራ ይቆጠራል እንዴ፣ ያውም በጣልያን ጊዜ፣ ያውም አንተ!» እያላችሁ ጠላ ቤት ስትስቁብኝ ሰምቻለሁ። ሳቁ። ከቄስ ትምህርት ቤት የወጣሁት ፊደሉን ሳልጨርስ ነው፤ ዱላው ከፊደሉ ቀድሞ ስለደረሰኝ። መቁጠር ግን እችላለሁ። በሸዋ ሮቢት ቆላ ከኔ የሚሻል ዓይን ካለ ይምጣና ይሞክረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት ላይ ማሽላው ሲቀላ ግሪሳ ይመጣል። ትንሽ ወፍ ነው፤ ግን እንደ ደመና መጥቶ ማሳውን አራግፎት ይሄዳል። እሱን ለማባረር ሰው ሁሉ ማሳው መሃል ማማ ሠርቶ፣ እላዩ ወጥቶ ወንጭፍ ሲያጮህ ይውላል። በዚያው ወራት ከአፋር በኩል አላፊዎቹ አሞሮች ይመጣሉ። ንስር በለው፣ ጭልፊት በለው፣ ስሙን የማላውቀውም አለ። እዚህ ጉዳይ የላቸውም። ፀሐይ ስትሞቅ ሮቢ ወንዝ ገደል ላይ እየዞሩ ሽቅብ ይወጣሉ፤ ከላይ ሲደርሱ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ ደቡብ መንሸራተት ነው። እኔ ለአስር አሞራ አንድ ጠጠር ቅል ውስጥ እጥላለሁ። ከጎኔ ያለው ማማ ላይ የሚውሉት እስላሙ ሽማግሌም እንደዚያው። ስንወርድ ቅላችንን እናስተያያለን፤ የተሸነፈ እሸት ይጠብሳል። ሁልጊዜ የሚጠብሱት እሳቸው ናቸው።

ያን ዓመት ግን ታላቅ ወንድሜ ከአርበኞች ጋር ገብቶ ነበር፤ የተደበቁት ደግሞ እዚያው ገደል ውስጥ፣ አሞሮቹ ከሚዞሩበት ሥር። ዕለቱ አርብ ነው። አብዛኞቹ እስላሞች ስለሆኑ ጠዋት በሬ አርደዋል፤ ወንድሜ ጾመኛው ሲያያቸው ሊውል። በሬውን የሰጡት ሽማግሌው ናቸው።

ረፋዱ ላይ ሹምባሹ መጣ። ጣልያን የሾመው የኛው ሰው ነው፣ ደገኛ፤ ከኋላው ባንዶች ጠመንጃ ይዘው። ቀና ብሎ አየ። አሞሮቹ ያን ቀን እንደዚያ በዝተው አይቼ አላውቅም፤ ጥላቸው ማሽላው ላይ ይሽከረከራል።

«አንተ! እዚያ ምን ታርዷል?»

«ምንም ጌታዬ። አላፊ ናቸው።»

«እኔ አገር አሞራ የዞረበት ሥጋ አለ።»

«እርስዎ አገር ብርድ ነው ጌታዬ፣ አሞራውም ካልራበው አይነሳም። የኛ ሙቀቱ ነው ሽቅብ የሚገፋቸው። ደግሞ ዛሬ አርብ ነው፤ ማን ሥጋ ይበላል?»

«እስላምስ?» አለና ወደ ሽማግሌው ማማ ዞረ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

«ወላሂ ሹምባሽ፣ እኔ ጥርስ የለኝም» አሉ ሽማግሌው። ባንዶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«እንጠብቃለን። አንድ አሞራ እንኳ ወደ ገደሉ ከወረደ ሰዎቼም ይወርዳሉ። አንተ ከፊታቸው ነህ።»

ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ፣ ዓይናቸው ከኔ ጋር ሽቅብ እንዲወጣ። አንዱ ባንዳ ጭራሽ አብሮኝ ይቆጥራል። ያኔ ነው ያየሁት፤ ጥንብ አንሳ፣ ያገራችን፣ እግሩን አንጠልጥሎ ወደ ገደሉ ሲያዘቀዝቅ። ወንጭፌን ማሽላው መሃል ለቀቅኩት። ግሪሳው ፈንድቶ ሰማዩን ጋረደ፤ ሹምባሹ አንገቱን ቀበረ። ከአላፊዎቹ አንድ ጭልፊት እንደ ጥይት ወርዶ አንዷን ነጠቀና እፊታቸው ማሽላ ላይ አረፈ።

«ይኸው አንዱ ወረደ» አልኩ፣ «ጾም የሻረው እሱ ነው!»

ባንዶቹ በሳቅ ሞቱ። ሹምባሹ አቧራውን አራግፎ ወደኔ ዞረ።

«ጥሩ። የሚያልፉትን አንተ ቁጠር። የሚቀሩትን እኔ እቆጥራለሁ።»

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አላፊዎቹ አለቁ፤ ሰማዩ ባዶ ሆነ። ገደሉ ላይ የቀሩት ጥንብ አንሳዎቹ ብቻ፣ ዝቅ ብለው። ሹምባሹ በጣቱ አንድ በአንድ ቆጠራቸው፤ ከዚያ በጠመንጃ አፈሙዝ እየገፉ ከፊት አስቀደሙኝ። እየወረድኩ ጆሮዬ ተኩስ ይጠብቃል።

አጥንት፣ ቆዳ፣ ትኩስ አመድ። ሰው የለም። ወንድሜ እኔን ያውቀኛላ! ሽማግሌው ቁጥሬን እንዳይሰርቁኝ በሆዴ ነው የምቆጥረው፤ ስጮህ ሲሰማ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ገብቶት ሰዎቹን ይዞ ወጥቷል።

ሹምባሹ አመዱን በእግሩ በተነው። «ዛሬ አልገድልህም» አለኝ በቀስታ። «ነገም ማማህ ላይ እንዳገኝህ። እነሱ አንተን ፍለጋ ይመጣሉ።»

በነጋታው መጥቶ ጠበቀኝ፣ ማማው ባዶ። ሽማግሌውንም ይዤ ወንድሜ ጋ ገብቻለሁ። የደረሰ ማሽላችንን ግሪሳ በላው፤ ይብላው። አሁንስ? አላመናችሁም? ሽማግሌው ጀውሃ አሉ፣ ሂዱና ጠይቁ። ወንድሜን ጠይቁ፣ በሕይወት አለ። ያ አብሮኝ ሲቆጥር የነበረ ባንዳም አጣዬ ገበያ ጨው ይሸጣል፤ ደፋር ከሆናችሁ እሱን ጠይቁት!