በሽንኩርት ማሳ ላይ የተለቀሰላት የዴሪያ እናት

«ከሮቢ ወንዝ ማዶ፣ ከማንጎው ጥላ ሥር፣
እምም… እምም… ያላለቀው ፍቅር…»

ፋናዬ ሽንኩርት ስትቆርጥ የምታንጎራጉራት ይህችን ነው። መካከሏ ጠፍቶባታል። ከማጀቴ ገበያ ትስማት፣ ጀውሃ ላይ ከቆመ የጭነት መኪና፣ እሷም አታውቅም። ሸዋ ሮቢት ፀሐይዋ ከጠዋት ጀምሮ ትፋጃለች፤ ሴቶቹ ከማሳው ዳር ማንጎ ሥር ክብ ሠርተው ይቀመጡና የሽንኩርቱን ቅጠል እየቆረጡ፣ ትልቁን ከትንሹ እየለዩ በጆንያ ይሞላሉ። አመሻሽ ላይ አይሱዙው መጥቶ ይጭናል።

በዚያ ክብ ውስጥ አንድ ልማድ ነበር። ወሬ የምታወራ ሴት እጇ ይዘገያል፤ ስለዚህ የሚሰሟት ሁሉ ከቆረጡት ላይ አንዳንድ ፍሬ ወደ ጆንያዋ ይወረውሩላታል። በከተማው ጣራ ሁሉ ላይ ዲሽ በበቀለበት፣ የውጭ አገር ተከታታይ ፊልም በአማርኛ እየተተረጎመ በየማታው በሚታይበት በዚያ ዘመን የፋናዬ ጆንያ ከሁሉ ቀድሞ ይሞላ ነበር። አብዛኞቹ ከቀበሌው ገጠር በእግር የሚመጡ፣ ቴሌቪዥን የሌላቸው ናቸው። በባለታሪኳ ስም የምትጠራውን የማታዋን «ዴሪያ» ጠዋት በፋናዬ አፍ ያዩዋታል። ፋናዬም ዝም ብላ አትነግርም፤ ዴሪያ ስትከዳ በግጥም ታስከዳታለች፣ ስትታረቅ በግጥም ታስታርቃታለች።

ሳምራዊት እስክትመጣ ድረስ።

ሳምራዊት አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ሥራ ያላገኘች ልጅ ናት። አዲስ አበባ ሆቴል ቤት የሚሠራ ወንድሟ ፊልሙን ከኢንተርኔት እያወረደ፣ በሚሞሪ ካርድ ሞልቶ በአውቶቡስ ሹፌር ይልክላታል። በእንግሊዝኛ ከሥር የሚሄደውን ጽሑፍ እያነበበች፣ ቴሌቪዥኑ ገና ያልደረሰበትን ትናገራለች።

«እትዬ ፋናዬ ገና ፍርድ ቤቱ ላይ ናቸው» አለች አንድ ጠዋት እየሳቀች። «እኛ ጋ ዴሪያ ከእስር ወጥታ ሥራ ጀምራለች።»

«እኛ ጋ ማን ጋ ነው? አባትሽ ነው ፊልሙን የሚሠራው?» አለች ፋናዬ።

«ተያት እስቲ ትንገረን!» አለች ፈለቀች፣ ከሁሉ አንጋፋዋና ምላሷ የማያርፍ። «የነገውን ዛሬ መስማት ማን ይጠላል? መብራት ጠፋ፣ ዝናብ መጣና ዲሹ ተበላሸ እያልን መሳቀቅ ቀረ።»

«ሲጠብቁት ነው የሚጥመው። ሁሉን በአንዴ ውጠሽው ምን ይተርፍሻል?» አለች ፋናዬ።

«ጥጋብ ነዋ!»

ሳቁ። ሽንኩርቱም አቅጣጫ ለወጠ። አንዱ ፍሬ ሲበር፣ ሌላው ሲበር፣ ሁሉም ሳምራዊት ጆንያ ውስጥ ሲያርፍ ፋናዬ በዓይኗ ተከተለችው። ባሏ ለሌላ ሴት ሲስቅ ያየች ያህል ቀናች። ልጅቷ ለዛ እንኳ የላትም እኮ! «ከዚያ ሄደች፣ ከዚያ መጣች» ነው የምትለው። የእኔን ዴሪያ፣ እያለች አሰበች፣ እንደ ዕቃ ታወርዳታለች።

እንዲህ ሳምንታት አለፉና አንድ ቅዳሜ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ስልክ የሚጠግነውና ፊልም የሚጭነው ስንታየሁ ዘንድ ሄደች።

«ዴሪያን በፍላሽ ጫንልኝ።»

«ከየት ልጀምርልዎት እትዬ?»

«ሳምራዊት ከደረሰችበት በላይ።»

ስንታየሁ ፈገግታውን ዋጠ። «ይኸኛው እኮ የአማርኛ ትርጉም የለውም። ቋንቋቸው እንዳለ ነው፣ ከሥር እንግሊዝኛ።»

«ዓይን አለኝ አይደል? ጫን።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሯን ዘግታ ፍላሹን ሪሲቨሩ ላይ ሰካች። ሰዎቹ ሲያወሩ እንደ ወፍ ጫጫታ ነበር። ግን አንድ ቦታ ላይ ዴሪያ ከመስታወት ፊት ቆማ ያንን ወገቧ ድረስ የወረደ ጠጉር በመቀስ ቆረጠችው። ቀጥሎ ጥቁር ልብስ ለበሰች። ፋናዬ ደረቷን ያዘች። ጠጉር ተቆርጦ፣ ጥቁር ተለብሶ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እናትየዋም ከታየች ሰንብታለች።

ሰኞ ጠዋት ማንጎው ሥር «የዴሪያ እናት ዐረፈች» አለች፣ በቀስታ፣ መርዶ እንደሚነገረው።

ሳምራዊት ፊልሙን እዚያ ድረስ አላየችውምና አፏን ከፍታ ሰማቻት። ፋናዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣

«ጠጉሯን አጨደችው እንደ ጤፉ ነዶ፣
እናት የሞተባት ቤቷ ሁሉ ባዶ»

ስትል፣ ክቡ ሁሉ በለቅሶ ተሞላ። እያንዳንዷ የየራሷን እናት አለቀሰች። ፈለቀች «ሽንኩርቱ ነው፣ ሽንኩርቱ ነው» እያለች ተንሰቀሰቀች። ሽንኩርቱ ከየአቅጣጫው ወደ ፋናዬ ጆንያ ዘነበ። ሳምራዊትም ወረወረች። ፋናዬ ያን ቀን እያበራች ዋለች።

ሐሙስ ሳምራዊት ስልኳን ይዛ መጣች። አዲሱ ካርድ ደርሷል።

«እናትየዋ አልሞተችም» አለች ሳትቀመጥ። «ደብረ ሲናን ወደሚመስል ብርዳም አገር ለሕክምና ነው የሄደችው። ዴሪያ ጠጉሯን የቆረጠችው ለአዲሱ ሥራዋ እንዲያምርባት ነው። ጥቁሩ ቀሚስ የግብዣ ነው። ይኸው እዩ፣ እናትየዋ ራሷ ተመልሳ መጥታ ጠጉርሽ አማረብሽ ስትላት!»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እናትየዋ ቀይ ሻርፕ አድርጋ ትስቃለች።

«ወይኔ ፋናዬ! ሴትዮዋን በቁሟ ቀበርሻት!» አለች ፈለቀች። «ለተዝካሩስ ስንት ጆንያ እናዋጣ?»

ሳቁ እስከ ወንዙ ተሰማ። ፋናዬ አንገቷን ደፍታ ቆረጠች። ምሳ ሰዓት ሆኖ ሴቶቹ የየቤታቸውን ሽሮና ምስር አንድ ትሪ ላይ አድርገው ሲጠሯት «ጠግቤያለሁ» ብላ ጀርባዋን ሰጠች። ቀጥ ብላ ቆማ፣ የተሞላውን ጆንያ አፉን መስፋት ጀመረች።

ሳምራዊት ከትሪው ተነሥታ አጠገቧ መጣች። ፋናዬ ልትስቅባት የመጣች መስሏት መርፌውን አጥብቃ ያዘች።

«እትዬ ፋናዬ፣ ያቺን ግጥም ይንገሩኝ።»

«ለምን? ስልክሽ ላይ የለችም?»

ልጅቷ መሬቱን እያየች፣ «ስንት ሳምንት ሙሉ ትክክለኛውን ነገርኳቸው፤ አንዷም አልቅሳልኝ አታውቅም። እርስዎ ያልሞተች ሴት ገድለው እኔን ራሴን አስለቀሱኝ። ሰኞ ማታ ተናድጄ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አፍረው እንዲቀሩ ፈልጌ ነው ስልኩን ያመጣሁት» አለች።

ፋናዬ ቀና ብላ አየቻት። በልጅቷ ፊት ላይ ያለው ያ ንዴት አዲስ አልነበረም፤ በደንብ ታውቀዋለች፣ ስንት ሳምንት አብሯት አድሯል።

«ግጥሙን?» አለች።

«ግጥሙን።»

«አልነግርሽም።»

«እትዬ!»

«በራስሽ ግጠሚ። እናት የለሽም?»

«ኸረ ምስሩ አለቀ!» ብላ ጮኸች ፈለቀች። «የሞተችውንም ያለችውንም ተዉና ኑ!»

ፋናዬ መርፌውን ጆንያው ላይ ሰካች፤ እጇን ታጠበች። ሳምራዊት ትታው በመጣችው ቦታ ላይ፣ ከትሪው በጥላው በኩል፣ ቀድማት ተቀመጠችና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ጎረሰች።