ከላይኛው ደርብ ያልወረዱት አቶ ካሴ

ጎንደር፣ ንጋት

ታላቅ እኅቴ እትዬ ብርነሽ ባልዋ ከሞተ ወዲህ ልጅዋ በከተማችን በተሠራው አዲስ ፎቅ ክፍል ይዞላት፣ ጎጆዋን ትታ እንድትገባ ያስጨንቃታል። እርስዋም «አንተ ተምረሃል፤ ሰው የኖረበትን ፎቅ አይተህ ንገረኝ። እንዳልኸኝ አደርጋለሁ» አለችኝ። ስለዚህ በመተማ አንድ ነጋዴ የሚያከራዩትን ባለ ሦስት ደርብ ቤት ለመመርመር ተነሣሁ።

ዐሥር ሊሬ ከፍዬ፣ ከጣሊያን የጭነት ካሚዮን ላይ የሲሚንቶ ጆንያ ተደግፌ ተጓዝሁ። ከጭልጋ ቁልቁል ስንወርድ ብርዱ ቀርቶ ወበቁ ያዘን። ሸሕዲ ላይ የማሽላ እንጀራ በወይካ ወጥ በላን።

መተማ፣ ከቀትር በኋላ

እስከ ላይኛው ደርብ ሠላሳ ስምንት ደረጃ ቈጠርሁ። በየክፍሉ ገብቼ «ኑሮው ተስማማችሁ?» ብል ሁሉም «ተመስገን፣ ተስማማን» አሉኝ። ነገር ግን ምድር ቤቱን ጐረምሶች፣ ላይኛውን ሽማግሎች ይዘውት ስላገኘሁ ግራ ገባኝ። የቤቱን ባለቤት ሐጂ ዑስማንን ጠየቅኋቸው።

«ታዲያ ሽማግሌ ከበታች፣ ጐረምሳ ከበላይ ይቀመጥ? በሰርግ ቤት እንኳ እንዲህ ያለ ነውር የለም። የደለደሉት ተከራዮቹ ራሳቸው ናቸው» አሉኝ።

ላይ፣ ከጎጃም መጥተው እዚሁ መተማ ያርሱ የነበሩ፣ አቶ ካሴ፣ ጉልበታቸውን ታመው በጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጠዋል።

«ተስማማዎ?»

«እንዴታ። አክብረውኛል።»

«በመጨረሻ መቼ ወረዱ?»

«ለፋሲካ። አራት ሰው ካልጋው ጋር ተሸክሞ አወረደኝ። ታች ደጅ የነበሩት ሴቶች ሬሳ መስያቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጠበቁኝ» ብለው ሳቁ።

«ታች ክፍል ቢገኝስ?»

«ተገኝቶ ነበር። ያከበሩኝን ልጆች ላሳፍር?» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማሳዬ ግን ከዚህ አይታይም። መስኮቱ ወደ ገበያው ነው» አሉ።

ጎንደር፣ በአራተኛው ቀን

በማስታወሻዬ አልተስማማንም ያለ አንድም ሰው የለም። ታዲያ መልካም ነው ልበላት? ክፉ ነውስ ብል ማንን ምስክር እጠራለሁ? ሳልወስን ደረስሁና ያየሁትን እንዳለ ነገርኋት።

«ልጄ የያዘልኝ የትኛው ደርብ ነው?» አለች።

«የላይኛው።»

«በል የምድሩን ይለውጥልኝ በለው። ተከብሬ ተጎልቼ ከምቀር፣ ተንቄ ደጅ ደጁን ብል ይሻለኛል።»

ሰው ስለ ቤቱ ሲጠየቅ፣ ቤቱን ስለ ሰጡት ሰዎች እንደሚመልስ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ለልጅዋ ስነግረው «እናቱን ከጐረምሶች ሥር አኖረ ልባል ነው፣ አጎቴ?» አለኝ። «ይባል ይሆናል» አልሁት። በማግሥቱ ሄዶ ክፍሉን ለወጠላት፤ እኔን ግን ብዙ ቀን አላናገረኝም።