ካዛንቺስን አልሰጥም

የዘይት ቀለም ሲሸተኝ ዛሬም ትንፋሽ ያጥረኛል። ወዲያው የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ከኡራኤል ዝቅ ብሎ በነበረው የልጆች መጫወቻ ውስጥ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ የቆምኩ ይመስለኛል።

መጫወቻው ዥዋዥዌና ሸርተቴ ነበረው። ጥጉ ላይ ደግሞ ከጣውላና ከቆርቆሮ የተሠራ፣ «የተረት ዓለም» የሚባል ቤተ መንግሥት ነበር። ግድግዳው ላይ በረዶ የለበሰ ተራራና ጸጉሯ ቢጫ የሆነ ልዕልት ተሥለው ነበር። ቀለሙ ተላልጦ ልዕልቲቱ አንድ ዓይን ብቻ ስለቀራት ልጆች ወደዚያ መጠጋት ትተው ነበር። የመጫወቻው ባለቤት እትዬ ዙቤዳ እንዲያድሰው የእናቴን ወንድም ተካን ቀጠሩት። አጎቴ ታፔላ ሠሪ ነበር፤ ባነር በማሽን መታተም ከጀመረ ወዲህ ግን ሥራ አጥቶ እኛ ሳሎን ይተኛ ነበር።

እሱ ልዕልቲቱን መልሶ መቀባት አልፈለገም። የኛ ልጆች በረዶ የት ያውቃሉ፣ የሚያውቁት እንቆቅልሽ ነው ብሎ እትዬ ዙቤዳን ግማሽ በግማሽ አሳመናቸው። ልጅ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከውጭ እንቆቅልሽ ይጠየቃል። ከመለሰ ይከፈትለታል፤ ካልመለሰ እንደ ጨዋታው ደንብ ሀገር ሰጥቶ ይወጣል። እትዬ ዙቤዳ ግን መጀመሪያ አንድ ልጅ ገብቶ ይታይ አሉ። ካለቀሰ ልዕልቲቱ ትመለሳለች፣ ሠዓሊውም ይቀየራል። ያቺ ልጅ እኔ ነበርኩ። እናቴ ጠዋት ጸጉሬን እየሠራች እንዳላለቅስ ለምናኝ ነበር።

ጠያቂው ዘበኛው አባባ ደምሴ ነበሩ። መቀርቀሪያው ከውጭ ተሸጎረ።

«እንቆቅልሽ» አሉ ከበሩ ማዶ።

«ምን አውቅልዎ» አልኩ በጨዋ ደንብ።

«ቀን ይከተለኛል፣ ሲጨልም ይከዳኛል።»

አላወቅሁትም። እጄን እንኳ አላየውም ነበር። አዲሱ ቀለም አፍንጫዬን ያቃጥለኛል፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ግሎ ከላዬ ቋ ቋ ይላል። ሀገር ስጪኝ ሲሉኝ የማውቀውን ሀገር ሁሉ ሰጠሁ፤ እኔ የማውቀው ደግሞ የታክሲ ረዳቶች የሚጠሩትን ነበር። ለገሃርን ስሰጣቸው ባቡሩ ቆሟል፣ ምን ይሠራልኛል አሉ። ጎተራ ስል ዞሬ ዞሬ መውጫው ይጠፋኛል አሉ። ሳሪስንም አጣጣሉት። ውጭ ሲሳቅ ይሰማኛል።

«እንግዲያው ካዛንቺስን ስጪኝ።»

ካዛንቺስ ቤታችን ነው። እናቴ አለች፣ ትምህርት ቤቴ አለ፣ አጎቴ የሚተኛበት ሶፋ አለ። ከሰጠኋቸው ማታ የት ልንገባ ነው?

«ካዛንቺስን አልሰጥም» አልኩ።

«እዚያው ትቀሪያለሻ።»

«እቀራለሁ።»

ሳቁ ቆመ። አጎቴ ይክፈቱላት ሲል፣ አባባ ደምሴ ደንብ ከፈረሰማ ምኑን ጨዋታ ሆነ ሲሉ ሰማሁ። እንዳላለቅስ የቀሚሴን አንገትጌ ነከስኩ። ያኔ እትዬ ዙቤዳ ጣልቃ ገቡ።

«ቡታጅራን እኔ ሰጠሁልዎ፤ አገሬ ነው። ልጅቷን ይልቀቋት።»

አባባ ደምሴ ረክተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቡታጅራ ገብቼ፣ ክትፎዬን በልቼ፣ እንሰት ሥር ተጋድሜ፣ እናንተ እዚህ የታክሲ ጭስ ስትጠጡ ሳስባችሁ ሳቄ ይመጣል» አሉ። መልሱ ጥላ መሆኑንም ነገሩኝና በሩን ከፈቱ።

ብርሃኑ ዓይኔን ሲወጋኝ እትዬ ዙቤዳ ጎንበስ ብለው ጉንጬን በመዳፋቸው ዳበሱ። ደረቅ ነበር። ቀና ብለው አጎቴን «መስኮት ቀድበትና ሥራህን ቀጥል» አሉት። እሱ ቀለም በነካው እጁ አንስቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝና እስከ ቤታችን ድረስ አላወረደኝም።

ዛሬ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምንኖረው ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ የራሴ ክፍል፣ የራሴ ቁልፍ አለኝ። በሬን ዘግቼ ሳጠና ስውል ከደረጃው ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ኮቴ ብቻ ይሰማኛል። ያን ቀን ተዘግቶብኝም ቢሆን ከበሩ ማዶ ሦስት ትልልቅ ሰዎች በእኔ ጉዳይ ይከራከሩ ነበር። ሰፈራችን የፈረሰ ጊዜ ግን ካዛንቺስን ስጪኝ ያለኝ ማንም አልነበረም።