የለቅሶ ቤት ተራ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ስናዘዝ እንኳ ይህችን እዘላታለሁ። የኮምፒውተር ነገር ስለሆነ እሳቸውን ማስረዳት ይከብደኛል እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ውሸት ነው። የበደልኩት በአማርኛ ነው፤ በአማርኛ መናገር አያቅተኝም ነበር።

እኔና ሰይድ ቆቦ ከተማ አብረን ያደግን፣ አብረን የተማርን፣ ኋላም አብረን የሶፍትዌር ሥራ የጀመርን ጓደኛሞች ነበርን። ከሮቢት ወዲህ ያለ አንድ የመስኖ ገበሬዎች ማኅበር የጉድጓድ ውሃውን በተራ የሚያከፋፍልለት ነገር ሲፈልግ ሥራውን ለእኛ ሰጠን። የሠራነው ኤጀንት ነው፤ ሰው ሳያዘው ራሱ እየወሰነ ፓምፕ የሚያስነሳ፣ መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም። ኤጀንቱ የሚጠቀምባቸውን መሣሪያዎች ሰይድ በኮድ ሠራ። የእኔ ድርሻ ለእያንዳንዱ መሣሪያ መግለጫ መጻፍ ነበር፤ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚያገለግል፣ መቼ ፈጽሞ እንደማይነካ። ቀላል ሥራ ይመስላል። አይደለም። ኤጀንቱ የሚያውቀው የተጻፈለትን ብቻ ነው፤ ቆቦ አልተወለደ፣ ለቅሶ አልደረሰ።

ከመሣሪያዎቹ አንዱ ተራ ያሳልፋል። ገበሬው ተራው ሲደርስ ስልኩ ላይ መልእክት ይመጣለታል፤ ካልመለሰ ውሃው ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳል። ስለዚህ ደንብ የውሃ ተራ የሚዳኙትን የውሃ አባት፣ አያ እንድሪስን፣ ስጠይቃቸው፣ ቦዩ ዳር ቆመው «ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ግን ተራው አይነካም» አሉኝ። «ጎረቤት ያጠጣለታል። ማን ነው ሐዘንተኛን ውሃ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ?» እኔም የገበሬ ልጅ ነኝና አላጣሁትም። «ሰው ካልመለሰ፣ ተራውን ከማሳለፍህ በፊት ቤቱ ለቅሶ እንዳለ የውሃ አባቱን ጠይቅ» ብዬ ጽፌ ነበር። አዎ፣ ጽፌው ነበር።

ከዚያ ሥራችንን ለማኅበሩ የምናሳይበት ስብሰባ መጣ። ሰይድ ማይክ ይዞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ብቻዬን ነው የሠራሁት» አለ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ላጨበጭብለት እጄን አንስቼ ነበር። ብቻዬን! ከአንድ ሳህን የበላነው፣ በአንድ ኮምፒውተር እየተፈራረቅን የሠራነው ሁሉ በአንዲት ቃል ተካደ። ውስጤ ተቃጠለ፤ አልደብቃችሁም፣ ዛሬም ሳስበው ያቃጥለኛል። ሄጄ ብሰድበው ምን ነበረበት? አፍ አልነበረኝም? እኔ ግን ሳቅኩለት፣ እንኳን ደስ ያለህ አልኩት፤ በማግሥቱ ያችን ዐረፍተ ነገር አጠፋኋት። ኤጀንቱ አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ይዘላል፣ ሽማግሌዎቹ ይቆጣሉ፣ ብቻውን የሠራው ብቻውን ያፍራል አልኩ። የሚደርቀው ማሳ የማን እንደሚሆን ራሴን አልጠየቅኩም።

ሥራው ሊጀመር ሲል ሰይድ «መግለጫው ላይ የቀረ ነገር አለ?» አለኝ። አላነበበውም፤ አምኖኝ ነው። «የለም» አልኩት። ኤጀንቱ አልዋሸም፣ ማሽኑም አልተበላሸም። የለም ያልኩት እኔ ነኝ።

የእትዬ ስንዱ ባል የሞቱት ሽንኩርታቸው ውሃ አጥብቆ በሚፈልግበት ሰሞን ነው። በዚያ ሐዘን መሐል ስልክ ማን ያያል? መልእክቱ መጣ፣ መልስ የለም፣ ኤጀንቱ ተራቸውን አሳለፈ። ደግሞ መጣ፤ ደግሞ አሳለፈ። ጎረቤቶቻቸው እኮ አካፋ ይዘው ቦዩ ዳር ይጠብቁ ነበር። ውሃ ለቅሶ ቤትን ዘልሎ ይሄዳል ብሎ የሚያስብ በእኛ አገር ስለሌለ «ፓምፑ ተበላሽቶ ነው» እየተባባሉ ተመለሱ። በራያ ፀሐይ ሽንኩርት ምን ያህል ይታገሣል? ነገሩ ሲታወቅ ማሳው ደርቋል።

ማኅበሩ ሲሰበሰብ እትዬ ስንዱ ጥቁራቸውን እንደለበሱ መጡና ሰይድን «ልጄ፣ ባሌን እግዜር ነው የወሰደው፤ ሽንኩርቴን ግን አንተ ነህ» አሉት። ሰይድ ዞሮ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እሱን አሰናብተው ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። የዚያኑ ከሰዓት ያችን ዐረፍተ ነገር መልሼ ጻፍኳት፤ ኤጀንቱም ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ዘልሎ አያውቅም። አስተዋይ ልጅ ተባልኩ።

ሰይድ አሁን ዋጃ ከተማ ስልክ ይጠግናል። ዓምና በዚያ ሳልፍ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተገናኘን። ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ «ወላሂ፣ ያሰናበቱኝ ዕለት ነው ያወቅኩት» አለኝ። «መግለጫውን ከፍቼ ያጠፋሃትን ዐረፍተ ነገር አየኋት። ግን እኔም ክጄህ ነበር። ተካክሰናል፤ ተወው አቦ።» እፎይ አልኩ። አላፍርም፣ እፎይ አልኩ! ሚኒባሱ ቆቦ እስኪያደርሰኝ ድረስ ቀልሎኝ ነበር።

እኔና እሱ ተካካስን። እትዬ ስንዱስ ከማን ጋር ይካካሱ? ሽንኩርቱ ተሸጦ ልጃቸው ዘሪቱ ደሴ ኮሌጅ ልትገባበት ነበር። ሲደርቅ ዐረብ አገር ሄደች። እናቷ ስልክ መደወል ስለማይሆንላቸው እኔ ቢሮ ይመጣሉ፤ የማገናኛቸው እኔ ነኝ። አንዳንዴ ልጅቱ ታለቅሳለች፣ አንዳንዴ ስልኩ አይነሳም። ሲወጡ «ከልጄ ድምፅ ያልለየኸኝ፣ እግዜር ከክፉ ይጠብቅህ» ይሉኛል።

ሰይድ ክዶኛል፤ እውነት ነው። እትዬ ስንዱ ግን መቼ ካዱኝ? እናንተን ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ በመጡ ቁጥር ይመርቁኛል። እኔም አሜን እላለሁ።